«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም»፦ አባባሉና የንስሐ ትርጉሙ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር (አንዳንዶች «የሸሸገ» ይላሉ) መነሻው የታማሚና የባለ መድኃኒት ግንኙነት ነው። አንዳንድ ሕመም ከሥቃዩ ይልቅ ኀፍረቱ ይከብዳል፤ ሰው ያውቅብኛል ብሎ የሚፈራ ታማሚ የሚያመውን ትቶ ሌላ ሕመም ይናገራል፤ አዋቂውም በሰማው ልክ ሥር ምሶ፣ ቅጠል በጥሶ ይሰጠዋል። መድኃኒቱ ለሌላ ደዌ የተሰጠ ነውና አያድነውም። ዛሬ አባባሉ ችግሩን ለወዳጅ ዘመድ ማዋየት ለማይወድ ሰው ሁሉ ይነገራል፤ ሙሉ ክብደቱ የሚታየው ግን፣ በእኔ እምነት፣ ስለ ኃጢአትና ስለ ንስሐ ሲነገር ነው።

መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 28 ቁጥር 13 «ኃጢአቱን የሚሰውር አይለማም፤ የሚናዘዝባትና የሚተዋት ግን ምሕረትን ያገኛል» ይላል። ይህን ከንጉሥ ዳዊት ታሪክ አብልጦ የሚያስረዳ አላውቅም። ዳዊት በቤርሳቤህ ከበደለ በኋላ ሐሳቡ ሁሉ መሸሸግ ነበር፦ ባሏን ኦርዮን ከጦር ሜዳ አስጠርቶ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ነገረው፤ እምቢ ቢለው አሰከረው፤ ያም አልሆን ሲል፣ ኦርዮን ውጊያው በበረታበት ስፍራ አቁመው እንዲሸሹበት ለጦር አዛዡ ለኢዮአብ ደብዳቤ ጽፎ በራሱ በኦርዮ እጅ ላከው። የተሸሸገው ዝሙት ነፍስ ግድያ ወለደ። በኋላ ነቢዩ ናታን መጥቶ፣ ብዙ በግና ላም ያለው ባለጠጋ የድኻውን አንዲት በግ ወስዶ ለእንግዳው እንዳረደ ሲነግረው፣ ዳዊት እጅግ ተቆጥቶ ያ ሰው የሞት ልጅ ነው ሲል ፈረደ። የሌላውን በደል ለማየት ዓይኑ አልፈዘዘም፤ የራሱን ያየው «ያ ሰው አንተ ነህ» ሲባል ነው። ያን ጊዜ ምክንያት አልደረደረም፤ «እግዚአብሔርን በድያለሁ» አለ፤ ናታንም ወዲያው «እግዚአብሔር ደግሞ ኃጢአትህን አርቆልሃል፤ አትሞትም» አለው። የበደሉ መዘዝ በቤቱ ላይ ቢቆይም፣ ምሕረቱ ግን አልዘገየም።

አባባሉን ስንጠቅስ በቀላሉ የምንስተው ነገር አለ። በሽታውን የገለጠ ሰው የሚድነው ስለ ገለጠ ሳይሆን ባለ መድኃኒቱ ስለሚያድነው ነው። ጌታችን ከቀራጮችና ከኃጢአተኞች ጋር በማዕድ ተቀምጦ ሳለ «ሕመምተኞች እንጂ ባለ ጤናዎች ባለ መድኃኒት አያስፈልጋቸውም» ብሏል፤ ሐዋርያው ጳውሎስም መዳን የእግዚአብሔር ስጦታ እንጂ ከራሳችን እንዳልሆነ ለኤፌሶን ሰዎች ጽፎላቸዋል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ለጸሎት የወጣው ፈሪሳዊ በሳምንት ሁለት ጊዜ መጾሙንና ከሚያገኘው ሁሉ ዐሥራት ማውጣቱን ሲናገር ዋሸ አልተባለም፤ ነገር ግን የሚታከም ቁስል አላሳየም። ቀራጩ በሩቅ ቆሞ፣ ዓይኖቹን ወደ ሰማይ ማንሣት እንኳ ሳይወድ፣ ደረቱን እየመታ «አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» አለ፤ የሚያቀርበው ሥራ አልነበረውምና በምሕረቱ ብቻ ተደገፈ፤ ጸድቆም ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይህ ትምህርት በምስጢረ ንስሐ በተግባር ይፈጸማል። ምእመኑ ለንስሐ አባቱ ይናዘዛል፤ ካህኑም እንደ በደሉ ዓይነትና እንደ ሰውየው አቅም ጾም፣ ጸሎት፣ ስግደት ወይም ምጽዋት ቀኖና ይሰጠዋል። በስቅለት ዕለት ከስግደቱ ሁሉ በኋላ ምእመናን ጎንበስ ብለው ጀርባቸውን በወይራ ቅጠል ሲጠበጠቡና የፈጸሙትን በደል ተናግረው ተጨማሪ ስግደት ሲቀበሉ ማየት የተለመደ ነው። ቀኖናውን የይቅርታ ዋጋ አድርጎ መቁጠር ግን፣ ብዙ ሰግጄአለሁና ተከፍሎልኛል ወደሚል የፈሪሳዊው ሐሳብ ይመልሳል፤ ከዚህ ስሕተት መጠንቀቅ እጅግ ያስፈልጋል። ቀኖና የዳነው ሰው ወደ ቀድሞ ደዌው እንዳይመለስ የሚለማመደው ሥርዓት ነው፤ ይቅር ባዩ እግዚአብሔር ነው፤ «እግዚአብሔር ይፍታሕ» የሚለው ካህንም ቢሆን የራሱን ኃጢአት የሚናዘዝለት የንስሐ አባት አለው።