አባል ሲቀየር ባንድ ምን ይሆናል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ የዩኒቨርሲቲ ከተማ በመሆኗ በውስጧ የሚሰባሰቡ የወጣት ባንዶች አባላት ለረጅም ጊዜ አብረው አይቆዩም፤ ጊታር ተጫዋቹ ተመርቆ ወደ ትውልድ ቦታው ይመለሳል፣ ኪቦርድ የሚጫወተው ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ይገባል፣ ቦታቸውን የሚሞላ ሰው ፍለጋውም ከዩኒቨርሲቲው ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ እስከ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ይዘልቃል። አዲስ አባል በመጣ ቁጥር ታዲያ በባንዱ ውስጥም ሆነ በአድማጩ ዘንድ የሚደጋገሙ፣ ነገር ግን የሮክ ባንዶች ታሪክ የማይደግፋቸው አመለካከቶች አሉ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ድምፃዊው ከሄደ ባንዱ አለቀለት»

የኤሲ ዲሲ ድምፃዊ ቦን ስኮት በየካቲት 1980 ሲሞት ብዙዎች ባንዱ ያበቃለት መስሏቸው ነበር። ይሁን እንጂ ብራያን ጆንሰን ተተክቶ በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው «ባክ ኢን ብላክ» በዓለም ላይ እጅግ ከተሸጡ አልበሞች አንዱ ለመሆን በቅቷል። የባንዱ መለያ ድምፅ የተገነባው በወንድማማቾቹ ማልኮም እና አንገስ ያንግ ጊታር ላይ ስለነበረና አዲሱ ድምፃዊም የሟቹን አዘፋፈን ለመኮረጅ ስላልሞከረ መሠረቱ አልተናጋም። በተቃራኒው ሌድ ዜፕሊን ድራመሩ ጆን ቦናም በዚያው ዓመት መስከረም ሲሞት ሌላ ሰው ከመተካት ይልቅ መበተንን መርጧል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የሄደው ሰው ምን ያህል ታዋቂ ነበር የሚለው ሳይሆን፣ ከባንዱ ድምፅ የትኛውን ክፍል ተሸክሞ ነበር የሚለው ነው።

በእኛ አገር ልማድ ይህን ለመረዳት ባልከበደ ነበር። አይቤክስ ባንድ ወደ ሮሃ ባንድ ሲሸጋገር ጊታሪስቱ ሰላም ሥዩም እና ቤዝ ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮ እምብርቱ ሆነው ቀጥለዋል፤ ከፊታቸው የሚቆሙት ድምፃውያን ግን ይፈራረቁ ነበር። አጃቢው ቋሚ፣ ድምፃዊው ተለዋዋጭ የሆነበትን ሥርዓት ለምዶ ያደገ አድማጭ ስለ ሮክ ሲያወራ ነገሩን መገልበጡ ይገርመኛል።

«ከሁሉም የላቀ ችሎታ ያለው ሰው ከመጣ ችግሩ ይፈታል»

ይህ ከሁሉም በላይ ሥር የሰደደው አመለካከት ነው፤ ብዙ ገንዘብና ጊዜ የሚያባክነውም እሱ ነው። ቢትልሶች በነሐሴ 1962 ፒት ቤስትን አሰናብተው ሪንጎ ስታርን ሲያስገቡ ያገኙት በፍጥነቱ የሚያስደንቅ ድራመር አልነበረም። ያገኙት ቴምፖውን፣ ማለትም የዘፈኑን ፍጥነት፣ ሳያዛባ የሚይዝ፣ ዘፈኑን የማይሸፍንና ከዚያ በፊት በሃምቡርግ በሌላ ባንድ ውስጥ እያለ በቅርብ ያወቁት ሰው ነበር። አቀባበሉም ቢሆን አልጋ በአልጋ አልሆነለትም፤ በመስከረም ወር በተካሄደ አንድ ቀረጻ ላይ አንዲ ዋይት የተባለ የስቱዲዮ ድራመር ከበሮውን ሲመታ ሪንጎ ታምቡሪን ይዞ እንዲቆም ተደርጓል። ያንን ቀን አይቶ ስለ ምርጫው የሚፈርድ ሰው ቢኖር ኖሮ ተሳስተዋል ማለቱ አይቀርም ነበር።

የፍሊትውድ ማክ ታሪክ ደግሞ ሌላ ገጽታ ያሳያል። የባንዱ ድራመር ሚክ ፍሊትውድ በ1974 መጨረሻ የፈለገው ጊታሪስቱን ሊንድሲ በኪንግሃምን ብቻ ነበር፤ እሱ ግን ያለ ስቲቪ ኒክስ አልመጣም በማለቱ ሁለቱም ገቡ፤ ሳይታሰብ የገባችው ድምፃዊትም ከባንዱ ዋነኛ የዘፈን ደራሲዎች አንዷ ሆነች። ሁለቱ ለብቻቸው ያዳበሩትን የድምፅ ስምምነት ይዘው መምጣታቸው አንድን ጎበዝ ነጥሎ ከመውሰድ በላይ ጠቅሟል።

እዚህ ጅማ አዲስ ጊታሪስት ሲፈተን ብዙውን ጊዜ ለብቻው ረጅም ሶሎ እንዲጫወት ይጠየቃል። ይህ የጣቱን ቅልጥፍና እንጂ ድምፃዊው ሲገባ ድምፁን ዝቅ ማድረጉን፣ ቤዙና ድራሙ የያዙትን ምት ማዳመጡን፣ ስህተት ሲነገረው የሚሰጠውን ምላሽ አያሳይም። ከመላው ባንድ ጋር አንድ የሚያውቀውን፣ አንድ ፈጽሞ ሰምቶት የማያውቀውንና አንድ ዝግ ያለ ዘፈን ቢያጫውቱት ይሻላል፤ በተለይ ዝግ ያለው ዘፈን የሚደብቀው ነገር የለም።

«መግባባት ማለት ጓደኝነት ነው»

የፍሊትውድ ማክ አልበም «ሩመርስ» በ1977 ሲወጣ የባንዱ አባላት ጆን እና ክሪስቲን ማክቪ ተፋተው፣ በኪንግሃም እና ኒክስም ተለያይተው ነበር፤ አልበሙ ግን ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ይህ ጸብን የሚያስመሰግን አይደለም፤ በኪንግሃም በ1987 ባንዱን ትቶ ወጥቷል። የሚያሳየው ነገር ቢኖር በሙዚቃ ውስጥ መደማመጥና በቡና ሰዓት መዋደድ የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ነው። እንዲያውም የልብ ጓደኛሞች ባንድ ሲመሠርቱ ትልቁ ጠላታቸው ይሉኝታ ይመስለኛል፤ ድራመሩ ምቱን እያዘገየ ማንም ደፍሮ ሳይነግረው ወራት ያልፋሉ፣ ከዚያም ነገሩ በመድረክ ላይ ይፈነዳል።

«አዲስ ገቢ የተሰጠውን ብቻ ይጫወት»

ሜታሊካ ቤዝ ተጫዋቹን ክሊፍ በርተንን በ1986 በአውቶቡስ አደጋ ካጣ በኋላ ጄሰን ኒውስቴድን ተካ፤ ነገር ግን በ1988 በወጣው አልበም ላይ የእሱ ቤዝ ከሞላ ጎደል አይሰማም። አልበሙ በሽያጭ ቢሳካም ኒውስቴድ እንደ ሙሉ አባል ለመታየት ዓመታት ታግሎ በ2001 ለቅቋል። በኩዊን በኩል ግን በ1971 ከሁሉም በኋላ የገባው ዝምተኛው ጆን ዲከን ዘፈን እንዲያመጣ ዕድል ስለነበረው፣ በ1980 በአሜሪካ አንደኛ የወጣውን «አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት» የደረሰው እሱ ነው።

«የገንዘብ ነገር ኋላ ይደርሳል»

አይደርስም። ኩዊን ከ1989ኙ አልበሙ ጀምሮ ዘፈኖቹን በአራቱም ስም ማስመዝገቡ የማን ዘፈን ይቅደም የሚለውን ክርክር አቅልሎለታል። የሰርግ ሥራ ለሚቀበል የጅማ ባንድም የመሣሪያው ባለቤት ስንት እንደሚወስድና አዲሱ አባል ከስንተኛው ሥራ ጀምሮ እኩል እንደሚካፈል ከመጀመሪያው መድረክ በፊት መነገር አለበት።

«ተማሪ ያለበት ባንድ አይዘልቅም»

ተማሪው መሄዱ አይቀርም፤ ባንዱን የሚጎዳው ግን ሁሉንም ነገር በጭንቅላቱ ይዞ መሄዱ ነው። የእያንዳንዱ ዘፈን ኮርድ፣ ቴምፖና አገባብ በደብተር ከተጻፈ፣ ልምምዱም በስልክ ከተቀረጸ፣ ተመራቂው ከመሄዱ በፊት ባሉት ወራት ተተኪው አጠገቡ ተቀምጦ ሊማር ይችላል። በእነዚያ ሳምንታት ሁለት ጊታሪስቶች አብረው መቆማቸው የሥራውን ክፍያ ያሳንሰዋል፤ ቢሆንም ነባሩ በሌለበት ከዜሮ ከመጀመር ወጪው ያነሰ ነው።