የድሮ የዓሣ ሥዕሎች ግድግዳ ላይ፦ የሚባለውና እውነታው

ጎንደር ውስጥ ካፌ ወይም የእንግዳ ማረፊያ የሚያሳምር ሰው ምን እንደሚሰቅል ይታወቃል። የፋሲል ግንብ ፎቶ፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴ መላእክት፣ ሰፌድ። ለየት ያለ ነገር ለሚፈልግ እኔ የምመክረው በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተፈጥሮ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የታተሙትን የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ሥዕሎች ነው። ባዶ ወረቀት፣ መሐሉ ላይ አንድ ዓሣ፣ ከሥሩ ስሙ። ያምራሉ። ስለ እነሱ የሚወራው ግን ግማሹ ልክ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«በእጅ የተሳለ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም»

አለው። እነዚህ ህትመቶች ናቸው። ሠዓሊው ዓሣውን ወረቀት ላይ ይሥላል። ሌላ ባለሙያ መስመሩን መዳብ ሰሌዳ ላይ በሹል ብረት ይፈለፍላል። በተፈለፈለው ውስጥ ቀለም ይገባል፣ የሰሌዳው ፊት ይጠረጋል፣ እርጥብ ወረቀት ይደረግበትና በማተሚያው ይጨመቃል። የሚወጣው መስመሩ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቀለም ቀቢዎች እያንዳንዱን ቅጂ በብሩሽ ይሞሉታል። እጅ የነካው እዚህ ላይ ነው። የአንድ መጽሐፍ ሁለት ቅጂዎች በቀለም የሚለያዩትም ለዚህ ነው።

የበርሊኑ ሐኪም ማርኩስ ኤሊዘር ብሎክ ከ1782 እስከ 1795 ያሳተመው የዓሣ ሥራ 432 እንዲህ ያሉ ሥዕሎች አሉት። ቅርፊቱ እንዲያብረቀርቅ አንዳንዶቹ ላይ የብር ቀለም ተቀብቷል። ብር ደግሞ ሲቆይ ይጠቁራል። ስለዚህ ዓሣው ሆድ ላይ ጥቁር ነገር ካያችሁ ቆሻሻ ነው ብላችሁ በእርጥብ ጨርቅ እንዳትነኩት። ወጪው ከባድ ስለነበር በኋላ በወጡት ጥራዞች ሥዕሎች ላይ ገንዘብ የሰጠው ሰው ስም ከሥር ተጽፏል። ስፖንሰር ያኔም ነበር ማለት ነው።

«ወረቀቱ ቢጫ ከሆነ የድሮ ነው»

ወረቀትን ሻይም ቢጫ ያደርገዋል። ቀለሙን ትታችሁ ማጉያ መነጽር ያዙ። ሥዕሉ በእኩል ረድፍ በተደረደሩ ጥቃቅን ባለቀለም ነጠብጣቦች የተሠራ ከሆነ ዘመናዊ ህትመት ነው፤ ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል። መስመሩ ሙሉ ከሆነና የብሩሹ ቀለም አልፎ አልፎ ከመስመሩ ከወጣ ግን ጥሩ ምልክት ነው። የመዳብ ህትመት ሌላም ምልክት አለው፤ ሰሌዳው ወረቀቱን ስለሚጫነው ዙሪያውን የጎደጎደ አራት ማዕዘን ይተዋል። ጣታችሁ ያገኘዋል።

ይህ ምልክት ስለሌለ ብቻ ግን ሐሰተኛ ነው አይባልም። ጠርዙ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ሁሉም መዳብ አይደለም። በ1879 የወጣው የዊልያም ሃውተን የብሪታንያ የወንዝና የሐይቅ ዓሦች መጽሐፍ ሥዕሎች የአሌክሳንደር ላይደን ናቸው፤ ያተማቸው ቤንጃሚን ፎሴት ሲሆን የተጠቀመው የእንጨት ሰሌዳ ነበር።

«የፈረንጅ ዓሣ ነው፤ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?»

ይኼኛው ነው እኔን የሚያናድደኝ። በ1770 የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር ሲገባ አብሮት የቦሎኛው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ነበር። እፅዋቱንና እንስሳቱን በብዛት የሣለው እሱ ነው። እዚሁ ጎንደር በ1771 ሞተ። ብሩስ ግን በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ጥራዝ መጽሐፍ ምስጋናውን ለራሱ አደረገው። ዛሬ ብዙዎቹ የባሉጋኒ ሥዕሎች ያሉት አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ ነው።

ባሉጋኒ ከሞተ ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ የፍራንክፈርቱ የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል መጣ። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ተቀመጠ፣ ከጣና ዓሦችን ሰበሰበ፣ አገሩ ተመልሶ ከነሥዕላቸው አሳተማቸው። ያኔ ከገለጻቸው መካከል ዛሬም በሳይንስ ቤሶ፣ ጎርጓሪ፣ ሱርኪስ በሚሉ ስሞች የሚታወቁ አሉ። ጎርጎራ ሄዶ ዓሣ የሚበላ የጎንደር ሰው ስንቱ ይህን ያውቃል? ሳሎኔ ውስጥ አንድ ብቻ ስቀል ብባል የጀርመን ካርፕ ሳይሆን የሩፔልን የጣና ዓሣ ነው የምመርጠው።

«የሳይንስ መጽሐፍ ስለሆነ ሥዕሉ ትክክል ነው»

ሁሌም አይደለም። ዓሣ ከውኃ ወጥቶ ሲሞት ቀለሙ ይጠፋል። አልኮል ውስጥ ከገባ ደግሞ ጭራሹን ይገረጣል። ብዙ ሠዓሊዎች የሣሉት እንዲህ ያለውን ነው፤ የቀረውን ገምተው ሞሉት። የብሩስ መጽሐፍ ውስጥ «ቢኒ» የሚባል የዓባይ ዓሣ ሥዕል አለ። ከክንፉ ሥር ረጃጅም ክሮች ወጥተውለታል። እንዲህ ያሉ ክሮች ያሏቸው በአብዛኛው የባሕር ዓሦች ናቸው፤ የዓባዩ ቢኒ የለውም። ስህተቱ ለእኔ ሥዕሉን የበለጠ ያጣፍጠዋል።

«መስታወት ካለው ምንም አይነካውም»

ተራ መስታወት አቧራ ይከለክላል እንጂ ፀሐይን አይከለክልም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ የዋዛ አይደለችም። ሙዚየሞች እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ የሚያርፈውን ብርሃን 50 ለክስ (የብርሃን መለኪያ) ገደማ ላይ ይወስኑታል፤ ይህ ደብዘዝ ያለ ክፍል ማለት ነው። ስለዚህ ከመስኮቱ ፊት ለፊት አትስቀሉ። ክረምት ላይ እርጥበት በሚያወጣ ግድግዳም ላይ አይሁን፤ ሻጋታ ይከተላል።

ፍሬም ሠሪው ከጀርባ ቺፑድ አድርጎ በኮላ ልለጥፈው ካላችሁ እምቢ በሉ። የእንጨቱ አሲድ ወረቀቱን ቡናማና ተሰባሪ ያደርገዋል፣ ኮላው ደግሞ አይለቅም። አሲድ የሌለው ካርቶን ከጀርባ፣ ሥዕሉ እንዲታይ መሐሉ የተቆረጠ ሌላ ካርቶን ከፊት ይግባ። ያኔ ወረቀቱ መስታወቱን አይነካም።

«ኦሪጅናል ካልሆነ አይሰቀልም»

ማን አለ? የብሎክ ሥዕሎች የቅጂ መብት ጊዜያቸው ካለፈ ቆይቷል። ባዮዳይቨርሲቲ ሄሪቴጅ ላይብረሪ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ። ትልቁን ፋይል አውርዱ፣ የማያብረቀርቅ ወፍራም ወረቀት ላይ አሳትሙ። ከጀርባው «ቅጂ» ብላችሁ ጻፉ፤ ነገ ልጆቻችሁ ኦሪጅናል ነው ብለው እንዳይሸጡት።