በአካል ላይ የሚቀረጽ የአጥንት ስብራት መደገፊያ

በአካል ላይ የሚቀረጽ መደገፊያ፣ የተሰበረውን እጅ ወይም እግር ቅርጽ እንዲከተል በታካሚው አካል ላይ እየታጠፈና እየተስተካከለ የሚዘጋጅ፣ አጥንቱም እስኪጠግን ድረስ ስብራቱን ይዞ የሚያቆይ የኦርቶፔዲክስ (የአጥንትና የመጋጠሚያ ሕክምና) መሣሪያ ነው። አጥንቱን የሚጠግነው ሰውነት ራሱ ነው፤ መደገፊያው የተሰበሩት ጫፎች ከቦታቸው እንዳይንሸራተቱ ይጠብቃል፣ ሕመም ይቀንሳል፣ በዙሪያው ያሉትንም ጡንቻዎች፣ ነርቮችና የደም ሥሮች ከተጨማሪ ጉዳት ይከላከላል።

ስብራቱ እንደደረሰ በቦታው ደም ይቋጥራል፣ ብግነትም ይፈጠራል። በ2 እና በ3 ሳምንት አካባቢ ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኝ ልም አጥንት መሰል ለስላሳ ድልድይ ይሠራል፤ በቀጣዮቹ ሳምንታት ይህ ድልድይ ማዕድን እያጠራቀመ ወደ ጠንካራ አጥንት ይለወጣል፣ የመጨረሻ ቅርጹን የሚይዘው ግን ከወራት አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ነው። ስብራቱ ከልክ በላይ ከተነቃነቀ ድልድዩ እየተቀደደ መጋጠሙ ይዘገያል ወይም ጭራሹን ይቀራል። መጠነኛ እንቅስቃሴ ግን የድልድዩን ዕድገት ያነቃቃል። አውጉስቶ ሳርሚየንቶ የተባሉት የአጥንት ሐኪም ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያስፋፉት አሠራር የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው፦ በልኩ የተቀረጸ መደገፊያ ጡንቻዎቹን ዙሪያቸውን ጥብቅ አድርጎ ሲይዝ፣ ጡንቻዎቹ በተራቸው አጥንቱን ይደግፋሉ፣ ታካሚውም መጋጠሚያዎቹን ማንቀሳቀስ ይችላል። የላይኛው ክንድ አጥንት መካከለኛ ክፍል ስብራት እስከ ዛሬ በዚህ መንገድ ይታከማል።

ከሚቀረጹት ቁሳቁሶች ረጅም ታሪክ ካላቸው አንዱ ጀሶ ነው። አንቶኒየስ ማታይሰን የተባሉ የኔዘርላንድስ ጦር ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1851 የጀሶ ዱቄት የተነሰነሰበትን ፋሻ ውኃ ነክሮ መጠቅለልን አስተዋወቁ። ጀሶ ርካሽና በቀላሉ የሚቀረጽ ቢሆንም ይከብዳል፣ ውኃም ያበላሸዋል፤ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ፣ የመንከሪያው ውኃ ሞቃት ከሆነ ወይም ጀሶው ከወፈረ ቆዳ ያቃጥላል። ከመስታወት ክር የሚሠራው ፋይበርግላስ ይቀልላል፣ ይጠነክራልም፣ እንደ ጀሶ ግን የአካልን ቅርጽ በትክክል ተከትሎ አይቀረጽም። ቴርሞፕላስቲክ የሚባለው ፕላስቲክ ከ65 እስከ 75 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ውኃ ውስጥ ይለሰልስና ውኃው ከተጠረገለት፣ ሙቀቱም ቆዳ የሚችለው መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ አካል ላይ ተቀርጾ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል። ትልቁ ጥቅሙ፣ እብጠቱ ሲቀንስና መደገፊያው ሲላላ እንደገና አሙቆ ማስተካከል መቻሉ ነው፤ በዚያው ምክንያት በፀሐይ በጋለ መኪና ውስጥ ወይም በእሳት አጠገብ ከተተወ ቅርጹ ይበላሻል።

ለመጀመሪያ ዕርዳታ የሚያገለግለው ደግሞ በሁለት የፎም ንጣፎች መካከል የተቀመጠ ስስ አሉሚኒየም ነው። ጠፍጣፋ ሳለ በቀላሉ ይጣመማል፤ ርዝመቱን ተከትሎ እንደ አሸንዳ ጎድጎድ ሲደረግ ግን የተጎዳውን እጅ ወይም እግር ለመደገፍ የሚበቃ ጥንካሬ ያገኛል። ራጅ ስለሚያሳልፍ ሳይፈታ ምርመራ ማድረግ ይቻላል። ቅርጹም በቅድሚያ የሚወጣው ባልተጎዳው እጅ ወይም እግር ላይ ነው፤ ይህ ለታካሚው ብዙ ስቃይ ያስቀራል።

ቁሳቁሱ ምንም ይሁን ምን ውጤቱን የሚወስነው የሚቀርጸው ሰው እጅ ነው። ያልተረጋጋ ስብራት በ3 ነጥቦች ተገፍቶ ይያዛል፦ አንዱ ግፊት በስብራቱ አቅራቢያ፣ ሁለቱ ደግሞ በተቃራኒው ጎን ከስብራቱ በላይና በታች ያርፋሉ። ቀራጩ የሚጠቀመው በመዳፉ ነው፤ የጣት ጫፍ የሚተወው ስርጉድ ቆዳን እየጫነ ያቆስላልና። ተረከዝን፣ ቁርጭምጭሚትንና የእጅ አንጓን የመሰሉ አጥንት የወጣባቸው ቦታዎች ተጨማሪ ጥጥ ይፈልጋሉ። ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ጫና ከበዛ፣ እግርን ወደ ላይ የሚያነሣው ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። በመጀመሪያ ዕርዳታ ጊዜ በአብዛኛው ከስብራቱ በላይና በታች ያሉት መጋጠሚያዎች አብረው ይታሰራሉ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት እብጠት ስለሚጨምር፣ ዙሪያውን ከተዘጋ ጀሶ ይልቅ በአንድ በኩል ክፍት የሆነ መደገፊያ ይመረጣል። ከጉዳቱ ጋር የማይመጣጠንና እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ ጣቶች ሲዘረጉ የሚብስ ስቃይ፣ መደንዘዝ ወይም መገርጣት ከታየ፣ በጡንቻዎቹ ክፍል ውስጥ ግፊት መጨመሩን ሊያመለክት ይችላል። ያን ጊዜ ማሰሪያው እስከ ቆዳ ድረስ ተፈትቶ ታካሚው ወዲያው ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ ጥቂት ሰዓታት መዘግየት ጡንቻን ለዘለቄታው ሊያጠፋ ይችላል።

መደገፊያ ብቻውን ለሁሉም ስብራት አይበቃም። ቆዳ ቀድዶ የወጣ አጥንት፣ መጋጠሚያ ውስጥ ገብቶ የተዛነፈ ስብራትና የአዋቂ ሰው የጭን አጥንት ስብራት አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይሻሉ። በአንጻሩ የልጆች አጥንት ሳይለያይ እጅ አንጓ አጠገብ ሲጨማደድ፣ ለ3 ሳምንት ያህል የሚወልቅ መደገፊያ ይበቃል። የመንሸራተት ስጋት ያለበት ስብራት በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት በራጅ ይታያል፤ ያልታሰሩት ጣቶችና መጋጠሚያዎችም እንዳይደርቁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይንቀሳቀሳሉ።