«ማገገም» ምንድን ነው?

«ልጁ አገግሞ ከሆስፒታል ወጥቷል። ከዚህ በኋላ የሚታየው የእናቱ ማሞላቀቅ ነው።» ሰሞኑን አንድ ሰው እንዲህ አለ። ደሴ ላይ ከሕፃናት ጋር ስሠራ ይህንኑ በሌላ በሌላ ቃል ስንቴ ሰምቼዋለሁ። አሁንስ መረረኝ።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና መግለጫ በየቀኑ «ያገገሙ» እያለ ቁጥር ይነግረን ነበር። ቃሉ ከመውጫ ወረቀት ጋር የተጣበቀብን ያኔ ይመስለኛል። ማጅራት ገትር ወይም አንጎሉን ያጠቃ ወባ ይዞት የተረፈ ልጅ ግን ከሆስፒታል ሲወጣ ማገገም ጀመረ እንጂ አልጨረሰም።

ጎርፍ ያለፈበትን ማሳ አስቡ። ውኃው ሲሸሽ መሬቱ ደህና ይመስላል። አፈሩ የት የት እንደተጠረገ የሚታወቀው ጤፉ ሲበቅል ነው። አንዱ ጥግ ይለመልማል፣ አንዱ ይጫጫል። በ4 ዓመቱ የታመመ ልጅም ግቢ ውስጥ ሲሮጥ ምንም አይመስልም። ጉድለት ካለ ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው 2ኛ ወይም 3ኛ ክፍል ሲገባ ነው፤ ከሰሌዳ መገልበጥ፣ የተነገረውን በልቡ መያዝ ሲያቅተው። ያን ጊዜ ሕመሙን የሚያስታውስ የለም፤ «ሰነፍ» ይባላል። የፈረሰውን እርከን መልሶ መካብም የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፣ ወንፈል ይጠይቃል። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያበቃል። ማሳ አይከፋውም፣ እናቷ እስክታያት ተራዋን የምትጠብቅ ታናሽ እህትም የለችውም።

ጆሮን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በባክቴሪያ ከሚመጣ ማጅራት ገትር ከተረፉ 5 ሰዎች አንዱ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ጉዳት ይቀርበታል። የመስማት ችግር ከዋነኞቹ ነው። ስለዚህ የመስማት ምርመራው ልጁ ከሆስፒታል ሳይወጣ፣ ካልሆነም በ4 ሳምንት ውስጥ ቢደረግ ጥሩ ነው። «በር ሲጋጭ ይዞራል» ማስረጃ አይሆንም፤ ንዝረቱ በእግሩ ይሰማዋል። ቀጠሮ አይራዘም፤ ከዚህ በሽታ በኋላ የውስጥ ጆሮ ወደ አጥንትነት ሊቀየር ይችላል፣ ያኔ ሕክምናው ይከብዳል።

አንዲት እናት «ሳወራው ዓይኔን ትቶ አፌን ነው የሚያየው» አለችኝ። ጎረቤቶቿ «አብሽሪ፣ ድኗል እኮ» ይሏት ነበር። ደግ ቃል ነው፣ ግን አፏን አስያዛት። ልጁ ሲመረመር አንዱ ጆሮው ጨርሶ አይሰማም። ይህች ሴት ናት አሞላቀቀች የምትባለው? ሌሊት የሚጥል በሽታ እንዳይነሳበት ፈርታ፣ እየተነሳች ትንፋሹን የምታዳምጠው?

ከሕመሙ በኋላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የታዘዘለት ልጅ ካለም፣ ሐኪሙ ሳያውቅ አታቋርጡ። ጠበሉም ዱዓውም ከመድኃኒቱ ጋር ይሄዳል።

መምህራን፣ እንዲህ ያለውን ልጅ ፊት ወንበር ላይ፣ የሚሰማው ጆሮው ወደ እናንተ እንዲሆን አድርጋችሁ አስቀምጡት። ቶሎ ይደክመዋልና መጀመሪያ ሰሞን ግማሽ ቀን ይማር። «አብሽሪ» የምትሉ ጎረቤቶችም፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሌሎቹን ልጆች ውሰዱላትና ትተኛ።