«ትንፋሽ ይያዙ» ሲባል የትኛውን?

ባሕር ዳር አክስቴን ለሳንባ ሲቲ ስካን ይዣት ሄጄ ነበር። ባለሙያው «እናቴ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ» አላት። እሷ እፍፍ ብላ አስወጣችና ያዘች። ምስሉ ተደገመ።

እኔ በእሷ አልፈርድም፤ ትእዛዙ ግማሽ ነው። ሙሉው «በደንብ ወደ ውስጥ ስበው ይያዙ» ነው። አየር የሞላው ሳንባ ምስሉ ላይ ጠቁሮ ይወጣል፤ ትንሽ ነጭ ነጥብ ብትኖር እንኳ ጎልታ ትታያለች። አየሩ ሲወጣ ግን ሳንባው ይኮማተራል፣ የደም ሥሮቹ ይጠጋጋሉ፣ ሁሉም ግራጫ ይሆናል። ያኔ ጤነኛው ሳንባ የታመመ ሊመስል ይችላል።

መሃል ላይ መተንፈስስ? ጠዋት ጣና ረግቶ ሳለ የዳሩ ዛፍ ቅርንጫፉ ሳይቀር ውሃው ላይ ይታያል። አንዲት ታንኳ ስታልፍ ግን ድብልቅልቁ ይወጣል። እዚህም አንዱ የደም ሥር ሁለት መስሎ ሊታይ ይችላል። ደግነቱ በዘመናዊ ማሽን ትንፋሽ የሚያዘው ብዙውን ጊዜ ከ10 ሰከንድ አይበልጥም። ሳል ካስቸገረዎት ቀድመው ይናገሩ።

አንዳንዴ ደግሞ ሆን ተብሎ «አስወጥተው ይያዙ» ይባላል፤ አየር ታፍኖ የሚቀርበት ቦታ ካለ ለማየት ነው። «በሆድዎ ይተኙ» ከተባሉም አይደንግጡ። በጀርባ ሲተኙ የሳንባው የኋላ ክፍል ተጨፍልቆ ጥላ ይሠራል። ሲገለበጡ ጥላው ከጠፋ፣ በሽታ አልነበረም ማለት ነው።