«ሳይቸግር ጤፍ ብድር»፦ ከጎጃም ጎታ እስከ አሠልጣኙ አሰላለፍ

በደብረ ማርቆስ የእግር ኳስ ጨዋታ በሚታይባቸው ቤቶች ቅዳሜን አምሽቶ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለውን ምሳሌ ሳይሰሙ መውጣት አይቻልም። አሠልጣኙ የለመደውን 4-3-3 (አራት ተከላካይ፣ ሦስት አማካይ፣ ሦስት አጥቂ) ትቶ በ3-5-2 ከገባና ከተሸነፈ ፍርዱ ይኸው ነው። በቅርቡ ግን ሁለቱም የመሃል ተከላካዮቹ ተጎድተውበት፣ ከታዳጊ ቡድን ያመጣውን ልጅ መሃል አቁሞ በሦስት ተከላካይ ለመጫወት የተገደደ አሠልጣኝ ይኸው ምሳሌ ሲተረትበት ሰማሁ። ይህን ያለው ጤፍን በፌስታል ብቻ የሚያውቅ የከተማ ልጅ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ ባለፍኩት፤ ተናጋሪው ግን ከምሥራቅ ጎጃሟ እነማይ ወረዳ ጤፍ እየጫነ የሚያመጣ ነጋዴ ነበር። ምሳሌው የተተረተው ላልቸገረው ሰው ነው፤ ያ አሠልጣኝ ደግሞ ተከላካይ አልቆበት ዓይኑ የፈጠጠ ችግረኛ ነበር።

ብድሩ እንዴት እንደነበረ ያላየ ሰው የምሳሌው ክብደት አይገባውም። በጎጃም ገጠር የእህል ብድር ወሩ ነሐሴ ነው፤ ያለፈው ዓመት እህል ከጎታው ሥር እየተጠረገ የሚወጣበት፣ የዘንድሮው ደግሞ ማሳው ላይ ገና ከአረም ጋር የሚታገልበት ጊዜ። ችግር የገባበት ቤት የሚበደረው እህል እንደየአገሩ ይለያያል፤ በቡሬና በዳንግላ በኩል በቆሎና ዳጉሳ፣ በጮቄ ግርጌ ገብስ ነው። ጤፍ ግን ከሁሉ የተወደደ፣ ለእንግዳ፣ ለዝክርና ለዓመት በዓል የሚጠበቅ፣ ገበያ ሲወጣም ለግብርና ለልብስ ገንዘብ የሚሆን እህል ነው። ማሳውን አራትና አምስት ጊዜ አርሶ፣ በከብት አስረግጦ፣ ዘሩን በእጁ በትኖ፣ አረሙን ጎንበስ ብሎ ነቅሎ፣ ኅዳር ላይ አጭዶ በበሬ ያበራየው ገበሬ ከጎታው ጤፍ ቀድቶ ሲያበድር ቀላል ነገር እየሰጠ አይደለም።

በልጅነቴ፣ ጤፉ ከአውድማ በገባ ሰሞን፣ እናቴ ነሐሴ ላይ የተበደረችውን ልትመልስ ወደ ጎረቤታችን አሮጊት ቤት ስትሄድ ተከትያት ሄጄ ነበር። አሮጊቷ ቁርበት አነጠፉ፤ ከዚያም ያንኑ ያበደሩበትን ቁና አምጥተው መሃሉ ላይ አስቀመጡ፤ በሌላ ቁና መመለስ የሚባል ነገር አልነበረምና። እናቴ ከስልቻው አፈሰሰች፣ ቁናውም ሞላ። አሮጊቷ በሁለት እጃቸው ያዝ አድርገው ነቀነቁት፤ የጤፉ ፊት ከቁናው አፍ ሁለት ጣት ያህል ወረደ። እናቴ ጨመረች፤ አሁንም ነቀነቁት፤ ደግሞ ወረደ። «ይብቃሽ ልጄ፣ በእኛ መሃል ምን ሒሳብ አለ?» ይላሉ፤ እጃቸው ግን መነቅነቁን አልተወም። እናቴም «የእርስዎ ውለታ እኮ በዚህ አያልቅም እማማ» እያለች ከላዩ ላይ ቁልል አድርጋ ጨረሰች፤ ቁርበቱ ላይ የተንጠባጠበውንም አሮጊቷ በመዳፋቸው ጠርገው ወደ ጎታቸው መለሱ። ነሐሴ ላይ ያው ቁና የተሰፈረው ግን ሳይነቀነቅ ነበር፤ አፉም በክንድ ተጠርጎ ከጠርዙ ጋር እኩል ሆኖ ነበር የወጣው።

ምሳሌው ከየት መጣ ለሚለው፣ ሽማግሌዎች ሲያወሩ የሰማሁት ምክንያት የጤፍ ፍሬ ማነስ ነው። አንድ ሺህ ፍሬ ተመዝኖ ግማሽ ግራም አይሞላም፤ ስለዚህ ከጎታ ወደ ቁና፣ ከቁና ወደ ስልቻ ሲገለበጥ በየመንገዱ የሚቀረው የተበዳሪው ኪሣራ ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ ከዚያ ቁርበት አጠገብ የቆምኩ ስለሆንኩ ጥፋቱን የምሰጠው ለመነቅነቁ ነው፤ ተበዳሪ የሚወስደው አንድ ቁና፣ የሚመልሰውም አንድ ቁና ቢሆንም ሁለቱ ቁናዎች እኩል አይደሉም። ይሁን እንጂ ልቤ ይበልጥ የሚያደላው ለሌላ ግምት ነው። በእውነት የተራበ ሰው ጤፍ አይበደርም፤ ዳጉሳ ይበደራል። ጤፍ ለመበደር የሚወጣው ጎታው ውስጥ ዳጉሳ እያለው፣ ነጭ እንጀራ ለእንግዳ ወይም ለጎረቤት ዓይን ማቅረብ ያማረው ሰው ነው። ስለዚህ ምሳሌው የተወለደው ጤፍና ዳጉሳ ጎን ለጎን በሚበቅሉበት፣ ሰው ከሁለቱ መምረጥ በሚችልበት አገር መሆን አለበት፤ ይህም በእኔ ሚዛን ከጎጃም አይወጣም። ሸዋም ወሎም ይነገራል የሚለኝ ቢኖር፣ ምሳሌ እግር አለው እለዋለሁ።

ከሦስቱ ግምቶች የትኛውም ቢያዝ ፍርዱ የሚያርፈው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ የሚጠየቀው ብድሩ በተወሰደበት ቀን ጎታው ምን ነበረበት የሚለው ነው። ዕዳው ኋላ በሰላም ተከፈለ ወይስ አጣላ የሚለው ለምሳሌው ጉዳዩ አይደለም፤ የእግር ኳስ ተመልካቾቻችን ደግሞ የሚያዩት ይህንኑ ብቻ፣ ማለትም የመጨረሻውን ውጤት ነው።

ምሳሌው በልኩ የተሰፋለት አሠልጣኝ ቢፈለግ እ.ኤ.አ. ግንቦት 29 ቀን 2021 ፖርቶ ከተማ የነበረው የማንቸስተር ሲቲ አሠልጣኝ ፔፕ ጋርዲዮላ ነው። ማንቸስተር ሲቲ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አንሥቶ፣ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ደርሶ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ከተከላካዮች ፊት እየቆሙ በር የዘጉለት ሮድሪና ፈርናንዲንሆ ጤነኞች ነበሩ፤ ሁለቱንም ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀምጦ በቦታው ለማጥቃት የሚመቸውን ኢልካይ ጉንዶጋንን አቆመ፣ ራሂም ስተርሊንግንም በመስመር ጨመረ። በ42ኛው ደቂቃ የቼልሲው ሜሰን ማውንት ኳሱን በመሃል ሰንጥቆ ለካይ ሀቨርትዝ ላከለት፤ የጨዋታው ብቸኛ ግብ ይኸው ሆነ። ፈርናንዲንሆ የገባው በ64ኛው ደቂቃ ነው። ቼልሲ በቶማስ ቱኸል እየተመራ ባለፉት ሳምንታት ሲቲን በኤፍ ኤ ካፕና በሊጉ ሁለት ጊዜ አሸንፎት ስለነበር ጋርዲዮላ ችግር አልነበረበትም አይባልም የሚል ሊኖር ይችላል። ሥጋት ግን ባዶ ጎታ አይደለም፤ ጤፉ ሞልቶ ሳለ ከጎረቤት የተበደረ ሰው እንዲህ ያለ ነው። በዚያች ሌሊት ሲቲ አሸንፎ ዋንጫውን ቢያነሣ ኖሮም ምሳሌው ከጋርዲዮላ ላይ አይነሣም ነበር፤ አድማጩ ብቻ ይጠፋ ነበር።

በአንጻሩ የኔዘርላንዱ ሉዊ ቫን ሃል እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ዋንጫ ላይ ያደረገውን እንመልከት። የመሃል ሜዳው ምሰሶ ኬቪን ስትሮትማን በመጋቢት ወር ጉልበቱን ተጎድቶ ከውድድሩ ቀረ፤ ቫን ሃልም የአገሩ ሰው እንደ ቅርስ የሚጠብቀውን 4-3-3 ትቶ አምስት ተከላካይ የሚያሰልፈውን 5-3-2 ይዞ ብራዚል ገባ። ወቀሳው ገና ጨዋታ ሳይጀመር ነበር የወረደበት። የወቅቱን ሻምፒዮን ስፔንን 5 ለ 1 አሸነፈ፤ በግማሽ ፍጻሜው ግን በመለያ ምት በአርጀንቲና ተሸንፎ ሦስተኛ ሆነ። ዋንጫ ባያነሣም ይህን ሰው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ማለት ግፍ ነው፤ ቸግሮት ተበደረ፣ በተበደረውም ቤቱን አሳደረ። የያኔው የቼልሲ አሠልጣኝ አንቶኒዮ ኮንቴም እንዲሁ እ.ኤ.አ. መስከረም 24 ቀን 2016 በአርሰናል 3 ለ 0 እየተመራ ሳለ አራት ተከላካዩን ወደ ሦስት ቀየረ፤ ያንን ጨዋታ ባያድነውም በዚያው 3-4-3 ቼልሲ በሊጉ 13 ተከታታይ ጨዋታዎችን አሸንፎ በ93 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ።

ስለ ጋርዲዮላ ፍትሕ ለመናገር ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ያደረገው ከፖርቶው ጋር አይመደብም። ተከላካዩን ጆን ስቶንስን ወደ አማካይ ቦታ እያወጣ የሚያጫውትበትን አሰላለፍ በውድድር ዓመቱ ውስጥ ደጋግሞ እያረሰ፣ እያረመ አብስሎት ስለነበር ኢስታንቡል ለፍጻሜ ሲገባ የያዘው የራሱን አዝመራ ነበር። ኢንተር ሚላንን 1 ለ 0 ያሸነፈባትን ግብ ያስቆጠረው፣ ፖርቶ ላይ ከወንበር ሳይነሣ የዋለው ሮድሪ መሆኑ ደግሞ የሚገርም ነው።

እንግዲህ ተንታኞቻችንም፣ እኛ ከወንበር ሆነን የምንፈርደውም፣ ምሳሌውን ከመወርወራችን በፊት የውጤት ሰሌዳውን ሳይሆን የተጠባባቂዎችን ዝርዝር ብናነብ ምን ነበረበት? ስድስት ተጫዋች ቆስሎበት፣ ተጠባባቂ ወንበሩ ላይ በረኛ ብቻ የቀረው አሠልጣኝ የቀየረውን አሰላለፍ እንደ ቅብጠት መቁጠር አያት ቅድመ አያቶቻችን በጤፍ መከራ ያገኙትን ምሳሌ በከንቱ ማባከን ነው። ተከላካይ ላጣ አሠልጣኝ ምሳሌ ካስፈለገ አማርኛ አልነፈገንም፤ «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» አለለት። ያ የእነማይ ጤፍ ነጋዴም በሚቀጥለው ቅዳሜ መተረት ካማረው ይህኛውን ይጠቀም፤ ጤፉን ግን ጎታው ሞልቶ ሳለ ለሚበደረው ይተውለት።