ክረምትና ልጆች በጎጃም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰኔ ተገባዶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በባሕር ዳርም በደብረ ማርቆስም በእንጅባራም ያው ጥያቄ ይነሳል፤ «እነዚህን ልጆች ምን ላድርጋቸው?» ሐምሌና ነሐሴን ዝናቡ አይለቅም፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ከከተማ ከተማ መሄዱም በዚህ ሰሞን ለብዙ ቤተሰብ እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ክረምቱን እዚያው በቤቱና በሰፈሩ ነው የሚያሳልፈው። ይህ በራሱ ምንም ክፋት የለውም። ጓደኛና ጎረቤት ካለበት እንዲያውም ልጆች ዓመቱን ሙሉ የሚያነሱት ጊዜ ይሆናል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ልጆቻችንን ከማይጎዳቸው ነገር እየከለከልን የሚጎዳቸውን እንዘነጋለን። ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ዝናብ የመታው ልጅ ጉንፋን ይይዘዋል»

ከሁሉም በላይ ልጆችን እቤት ያስቀመጠው ይህ አባባል ነው። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው። ቫይረሱም ከሰው ወደ ሰው በሳል፣ በማስነጠስና በእጅ ይተላለፋል እንጂ ከዝናብ ጋር አይወርድም። በክረምት ጉንፋን ከሚበዛባቸው ምክንያቶች አንዱ በርና መስኮት ዘግተን ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ መዋላችን ነው። ከዝናቡ ሸሽተን ልጁን የምናስገባው አንዱ ወንድሙ እያስነጠሰ፣ ሌላዋ እህቱ እያሳለች ወደተቀመጡበት ክፍል ነው።

ይህ ማለት ግን ልጅ በስብሶ ይዋል ማለት አይደለም። ብርዱ ራሱ ይጎዳል፣ በተለይ እንደ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ባሉ ደጋ ቦታዎች። ቦቲ ጫማና ዝናብ የማያስገባ ልብስ አልብሶ ማስወጣት፣ ሲገባ እርጥቡን ልብስ ወዲያው ማስቀየር፣ ፀጉሩን ማድረቅ፣ ትኩስ አጥሚት መስጠት ነው ቁም ነገሩ። የደጋው እረኛ ገሳውን ደርቦ ክረምቱን ሙሉ ከብት ጥበቃ ሜዳ ላይ ይውላል። ደግሞስ ዝናብን እንዲህ የሚፈራው ወላጅ ራሱ አይደል ጳጉሜን 3 በሩፋኤል ዕለት ዝናብ ሲጥል «ጠበል ነው፣ ውጡና ታጠቡ» ብሎ ልጆቹን የሚያስወጣው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ልጅ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ሰውነቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም ጡትና ምግብ እምቢ ካለ «ብርድ ነው የመታው» ብሎ ጋቢ መደራረብ አይበቃም። የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት።

«ፍሙ ከቀላና ጭሱ ካለቀ ከሰል አይጎዳም»

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህን አስታውሱልኝ። ጓደኛ ተሰብስቦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ውጭው ውሽንፍር ሲሆን ምድጃውን ወደ መሃል ስቦ በሩን መዝጋት የተለመደ ነው። ማታ ደግሞ ልጆቹ እንዳይበርዳቸው ተብሎ ያው ምድጃ መኝታ ክፍል ይገባል። የሚገድለው ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታም ቀለምም የለውም። ጭስ ከዓይን ስለጠፋ ጋዙም ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ ደማቅ የቀላ ፍምም ያመነጨዋል። ሰውነት ውስጥ ሲገባ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚይዘውን ቦታ ይቀማል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ያልፋል፣ ሕፃናት ደግሞ ቶሎ ይጎዳሉ።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ነው። ብዙ ጊዜ «ብርድ መታኝ» ተብሎ ይታለፋል፤ ሰውየውም እንዲሞቀው ወደ ፍሙ ይበልጥ ይጠጋል። አንድ ቤት ውስጥ ካሉ ሰዎች ሁለት ሦስቱን በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ግን ብርድ ነው ብሎ መቀመጥ አያስፈልግም፤ በሩን ከፍቶ ሁሉንም ወደ ውጭ ማውጣት፣ የደከመውንም ወደ ሕክምና መውሰድ ነው። ከሰል ደጅ ይቀጣጠል፣ ቡናው ሲፈላ በርና መስኮት ይከፈት፣ ሲያልቅ ምድጃው ይውጣ። ለሌሊቱ ቡልኮና ጋቢ ይበቃል። ልጆቹን አንድ አልጋ ላይ ማስተኛትም ከምድጃ ይሻላል።

«ክረምት ላይ ጎጃም ምን ይታያል?»

ቢያንስ ጢስ ዓባይ የሚታየው ያኔ ነው። ፏፏቴው ከባሕር ዳር ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በበጋ ሄደው «ይህ ነው እንዴ?» ብለው የሚመለሱ ብዙ ናቸው፤ ምክንያቱም ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚዞር በተለይ በ1990ዎቹ ሁለተኛው ጣቢያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በደረቅ ወራት ፏፏቴው ይሳሳል። በክረምት ግን ከጣና የሚወጣው ውኃ ይበዛል። ሐይቁ የሚሞላው ዝናቡን ተከትሎ ቀስ እያለ ስለሆነ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ በጣም ጥሩው ነው። መንገዱ ላይ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ልጆች ቆመው ቢያዩት መልካም ነው። ጭቃው ስለሚያንሸራትት ትንንሾቹን እጅ ይዞ መሄድ፣ የፏፏቴውም አፋፍ ድረስ አለማስጠጋት ይበጃል።

ሩቅ መሄድ ለማይችል በባሕር ዳር አዲሱ የዓባይ ድልድይ አለ። በግንቦት 2016 የተመረቀው ይህ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ ዝናቡ ሲያባራ ልጆችን ይዞ በእግር መሻገሩ ራሱ ሽርሽር ነው። እንጅባራ አጠገብ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረው የዘንገና ሐይቅ አለ። ዳሩ ቀጥ ያለ ነውና ለማየት እንጂ ለመዋኘት አይሆንም። ጮቄን ግን በክረምት ለልጆች አልመክርም። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ ነው፣ ጉሙና ብርዱ ያይላል፤ ጅብራ የተባለውን የደጋ ተክል ለማሳየት መስከረም ወጥቶ ሰማዩ እስኪጠራ መጠበቅ ይሻላል።

የጣና ገዳማትን በተመለከተ «ሴት ልጅ አትገባም» የሚለው ሁሉንም አይመለከትም። ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም፣ እውነት ነው። ዘጌ ላይ ያለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሴቶችን ይቀበላል፤ በቡና ጫካ ውስጥ የሚያልፈው የእግር መንገድም ልጆችን ደስ ያሰኛል። ጀልባ ላይ የሕይወት አድን ጃኬት ለእያንዳንዱ ልጅ መኖሩን ሳያዩ አይሳፈሩ።

«እዚህ ካልዘነበ ወንዙ አይሞላም»

የጨሞጋ፣ የጠምጫና የብር ወንዞች ውኃ ከላይ ከደጋው ነው የሚመጣው። ፀሐይ ወጥቶ ልጆቹ ድንጋይ ላይ ልብስ እያጠቡና እየተንቦጫረቁ ሳለ ላይኛው አገር ዶፍ ጥሎ ሊሆን ይችላል። ደራሽ ውኃ ሲመጣ ለመውጣት ጊዜ አይሰጥም። ውኃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መውረድ ከጀመረ ወይም ከላይ የሚያጉረመርም ድምፅ ከተሰማ ዕቃ ሳይለቅሙ ወደ ከፍታ መውጣት ነው። ጉልበት ያልደረሰ ጎርፍ እንኳ ልጅ ይጥላል። በክረምት ወንዝ ዳር ሽርሽር እንዲያው ቢቀር ነው የምለው።

መብረቅ ሲመጣም ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር መጠለል ትልቅ ስሕተት ነው። ቤት ወይም መኪና ውስጥ መግባት ይሻላል።

«ጣና ዳር ውኃው ንጹሕ ነው፣ ልጆቹ ይንቦጫረቁ»

ብልሃርዝያ በጣና ዙሪያ ያለ በሽታ ነው። ተውሳኩ በውኃው ዳር በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ያድግና ውኃ ውስጥ ይለቀቃል፣ ከዚያም ቆዳን በስቶ ይገባል። ውኃው መጥራቱም፣ ልጁ ውኃውን አለመጠጣቱም አያድነውም፤ ጉልበቱ ድረስ ገብቶ መቆሙ ይበቃል። መጀመሪያ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል፤ ቆይቶ የሆድ ቁርጠትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይመጣል። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለውና ሐይቁ ውስጥ የሚጫወት ልጅ ያለው ሰው ማስመርመር አለበት። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ። ሐይቁን ከዳር ሆኖ ማየት፣ በጀልባ መሄድ፣ ዓሣ መብላት፦ ይህ ሁሉ ይቻላል።

«እሸት በቆሎ ወባ ያመጣል»

ይህን ከአያቶቻችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ጥንቅሽ የመጠጠ፣ እሸት በቆሎ የበላ ልጅ ወባ ይይዘዋል ይባላል። ወባን የሚያስተላልፈው የትንኝ ንክሻ ነው፣ ትንኟም በአብዛኛው የምትነክሰው ማታና ሌሊት ነው። በቆሎው የሚደርስበትና ወባው የሚነሳበት ጊዜ ስለሚገጣጠም ነው ሰው ያያያዛቸው። ዝናቡ ሲቀንስ ውኃው በየጉድጓዱና በየቦዩ ይቆማል፣ ትንኟም እዚያ ትራባለች፤ ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ሆኖም የድሮ ሰዎች ያዩት ነገር ከንቱ አልነበረም። በቡሬ አካባቢ የተደረገ ጥናት በቆሎ በብዛት በሚዘራበት ቦታ ወባ እንደሚበዛ አሳይቷል። ምክንያቱ የሚበላው እሸት ሳይሆን አበባው ነው። በቆሎው ሲያብብ ከራሱ ላይ የሚረግፈው የአበባ ዱቄት አጠገቡ ባለ ኩሬ ላይ ይወድቃል፣ የትንኝ እጮችም ያንን እየበሉ ያድጋሉ። ስለዚህ ከበቆሎው ማሳ አጠገብ የቆመውን ውኃ ማፋሰስና በቆሎውን ከቤት ራቅ አድርጎ መዝራት ትርጉም አለው። ልጁን ጥብስ በቆሎ መከልከል ግን ምንም አይጠቅምም። ዝናብ ሲያባራ የሰፈር ልጆች ፍም ዙሪያ ተቀምጠው እሸት እያገላበጡ የሚበሉበት ሰዓት ከክረምት ደስታ ሁሉ ትልቁ ነው፤ ደጅ ላይ ሆኖ ይቀጥል። ማታ አጎበር ይዘርጋ። ትኩሳት ከመጣም «በቆሎ ነው» ሳይባል በ24 ሰዓት ውስጥ የደም ምርመራ ይደረግ።

«ክረምቱን ካልተማረ ይደነቁራል»

ልጆች በረጅም እረፍት ከተማሩት ጥቂት እንደሚረሱ እውነት ነው። ለዚህ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ማጠናከሪያ አያስፈልግም። በቀን ጥቂት ገጽ ጮክ ብሎ ማንበብና ገበያ ሄዶ ሒሳብ መቁጠር ብዙ ይሠራል። ገበጣም አለ፦ መሬት ላይ ሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር። አጨዋወቱ ከቦታ ቦታ ቢለያይም ልጁ ጠጠሩን ሳያነሳ የት እንደሚያርፍበት አስቀድሞ መቁጠር አለበት፤ ይህ ሒሳብ ነው። ማታ ደግሞ እንቆቅልሽ አለ። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ?» ተባብለው ያልመለሰው «አገር ስጠኝ» ሲባል ልጁ የአገሩን ከተሞች በስም መጥራት ይለምዳል። ስልክ ሰጥቶ ዝም ማሰኘት ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንድ ትልቅ ሰው ግማሽ ሰዓት አብሯቸው ቢቀመጥ ግን ስልኩን ራሳቸው ይረሱታል።

«ልጆች ሰብስቦ ለማጫወት ብር ያስፈልጋል»

አያስፈልግም። ሦስት አራት ቤተሰብ ተነጋግሮ ቀን ቢከፋፈል፣ ልጆቹ ዛሬ እነ እገሌ ቤት፣ ነገ ሌላው ቤት ቢውሉ፣ ለእናቶቹም የእረፍት ቀን ይገኛል። ቅቅል ድንች፣ ቆሎ፣ በሶ ይበቃል። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ስለሆነ የሚጾም ልጅም እነዚህኑ ከሌሎቹ ጋር ይበላል። ለየብቻ ድግስ አያስፈልገውም።

«ቡሄ የወንዶች ነው፤ ሴቶቹ በክረምት ምን አላቸው?»

ነሐሴ 13 ጅራፍ የሚያጮኹትና ሆያ ሆዬ የሚሉት ወንዶቹ ናቸው፣ ሙልሙሉም ለእነሱ ነው የሚጋገረው። በምሥራቅ ጎጃም ግን ልጃገረዶች የራሳቸው በዓል አላቸው፤ እንግጫ ነቀላ። በዘመን መለወጫ ዋዜማ ተሰብስበው መስክ ይወርዳሉ፣ እንግጫ የተባለውን ሣር መሰል ተክል እየዘፈኑ ነቅለው ከአደይ አበባ ጋር ይጎነጉኑታል። ከተማ ያደጉ ብዙ ሴት ልጆች ስሙን እንኳ አልሰሙትም፣ ይህ ያሳዝነኛል። እንግጫ የሚበቅለው እርጥበት ባለው መስክ ስለሆነ ቦቲ ጫማ ያስፈልጋል፤ ግጥሙን የሚያውቁ እናቶችና አያቶችም በየሰፈሩ አሉ፤ ነሐሴ ሳይወጣ አንዷን ጠይቆ ልጆቹን ማስጠናት ይቻላል።